መልስ፦ የናጋራ ወንዝና ዓሣው

ወንድሜ፣ ስለ ጃፓኑ ናጋራ ወንዝ «ከየት ይነሳል? ምን ዓሣ አለው? ግድብ የለውም የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው።

መነሻው በጊፉ ግዛት ያለው የዳይኒቺ ተራራ ነው። ወደ ደቡብ 166 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኢሴ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ታች ሜዳው ላይ ከኪሶና ከኢቢ ወንዞች ጋር ስለሚጎራበት ጎርፉ አይጣል ነው። ድሮ ሰዉ መንደሩንና እርሻውን ዙሪያውን በአፈር ክትር አጥሮ ነበር የሚኖረው።

ዓሣ ካልክ ንጉሡ «አዩ» የሚባለው ነው። በመከር ወራት ወደ ወንዙ ታችኛው ክፍል ወርዶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ጫጩቶቹን ውሃው ወደ ባሕር ይወስዳቸዋል። ብርዱን እዚያ ያሳልፉና በጸደይ ሽቅብ ይመለሳሉ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ትኩስ አዩ ሲሸተት ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል።

ምግቡ ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ ነው። ታዲያ ድንጋዩን አያስነካም! አጥማጆች ይህን ያውቃሉ። ሕያው አዩ ከነመንጠቆው በክር አስረው ይለቁበታል። የድንጋዩ ባለቤት አዩ እንግዳውን ሊያባርር ዘሎ ሲገጨው ራሱ መንጠቆው ላይ ይያዛል። ተንኮል ማለት ይሄ ነው። ጠልቀው ዓሣ በሚይዙ ኮርሞራንት በተባሉ ወፎች፣ ማታ በእሳት ብርሃን የሚደረገውን ማጥመድ ማየት ከፈለግህ ደግሞ ጊፉ ከተማ ላይ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ አለ።

ግድቡን በተመለከተ ወሬው ግማሽ እውነት ነው። ዋናው ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ የለም። ወደ ባሕር በሚገባበት አፉ ላይ ግን ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ የውሃ መዝጊያ አለ። የዓሣ መተላለፊያ ቢበጅለትም፣ መዝጊያው ዓሣውን ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም።