ታቦርን መሮጥና ሳነቴ ላይ ማደር ለየቅል ናቸው

የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሀዋሳውን ታቦር ተራራ ሳላርፍ ነው የምወጣው። ቦርሳዬን አዝዬ ባሌ ብሄድ፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይከብደኛል?» አለኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም። ሌላ ሰው ትዝ አለኝ።

ቀያሽ ሆኜ ስሠራ ኳስ ተጫዋች ባልደረባ ነበረኝ። ሩጫ አይደክመውም። ለእረፍት ባሌ ስንሄድ ድንኳኑንም ድስቱንም እሱ ተሸከመ። ከዲንሾ ከተማ ስንወጣ ፊት ፊት እየሄደ ያሾፍብን ነበር። ማታ በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ጣሳውን ይዞ ያማስላል እንጂ አይቀምስም። ያ ሰው በሶ እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም! ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለና እዚያው ቀረ። ጣቶቹ ይነካካሉ፣ ቋጠሮው ግን አልመጣለት አለ። «ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው» አለ። መንገድ መሪያችን ረጋ ያሉ የባሌ ሰው ናቸው። አንዴ አዩትና ፈረሱን ወደ ታች አዞሩት። ክርክር የለም። እኔ አብሬው ወረድኩ፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። ዲንሾ ሳንደርስ ራቡ መጣ።

ቱሉ ዲምቱን በእግሬ ሳልረግጠው ቀረሁ። በኋላ ጉልበቴ እምቢ አለ። በመኪና ወጥቼ አይቼዋለሁ፣ መንገዱ ጫፍ ድረስ ይወስዳል። ግን ያ መውጣት ነው እንዴ? ዛሬም ቢሆን አብሬው እወርዳለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ዲንሾ ከ3,000 በላይ ነው፣ የሳነቴ አምባ 4,000 አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377። አየሩ ሲሳሳ ጡንቻ አያድንም። እንዲያውም ጠንካራው ስለሚፈጥን ሰውነቱ ሳይላመድ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጉዞ ስትመርጡ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትዩ፤ የት እንደምታድሩ ጠይቁ። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ከባሰ መውረድ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ጫፍ ላይ ፎቶ ካልተነሱ የሄዱ አይመስላቸውም። እኔም ለጫፉ እየተቆጨሁ ምን አፍ አለኝ!

ጀማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ ቦርሳውን ሞልታችሁ የሀዋሳውን አላሙራ ተራራ ውጡ። ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ ወንዶ ገነት፣ ከዚያ ዶዶላ። ዶዶላ በፈረስም ይኬዳል፣ ነውር የለውም። ስለ ጫማ አልነግራችሁም፤ እሱን እናቶቻችሁም ያውቁታል።

ልጁን፣ «ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደር፣ ጭነትህን ለፈረስ ስጥ፣ መሪህ ተመለስ ካለህ ተመለስ» አልኩት። ለጥር ነው ያሰበው። ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋል። ስሊፒንግ ባግ የለውም። የእኔ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ መጥቶ ይውሰደው።