«በጀርባ መርፌ አልወልድም» ማለት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን የዛሬ ሦስት ዓመት በግል ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ጀርባዬ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ከተወጋሁ በኋላ ቀና የማያስብል ራስ ምታት ለቀናት አሠቃየኝ፤ ልጄን ተኝቼ ነበር የማጠባው። አሁንም በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ ተብያለሁ። ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ይሁንልኝ ስል «እዚህ ሁሉም በጀርባ ነው» አሉኝ። ያኔ የፈቃድ ፎርሙን የፈረመው ባለቤቴ ነው። መብቴ እስከምን ድረስ ነው? ስላለፈውስ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት በሰላም ይገላገሉ።

ከፊርማው ልጀምር፤ ደጋግሜ የማየው ጥፋት እዚያ ላይ ነውና። ለአካለ መጠን የደረሰች፣ ራሷን የምታውቅ ሴት በሰውነቷ ላይ ለሚደረግ ሕክምና ፈቃድ የምትሰጠው ራሷ ናት። ባል ስለ ሚስቱ አካል እንዲፈርም ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ አላውቅም። ራሷን ስታ ብትመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እርስዎ ግን በቀጠሮ፣ በእግርዎ ነው የሚገቡት። ባለቤትዎ አጠገብዎ ይሁኑ፣ ያበርቱዎት፤ ፎርሙን ግን እርስዎ አንብበው እርስዎ ይፈርሙ። ብዙ ጊዜ ፎርሙ ላይ የሚገኘው «ለኦፕራሲዮንና ለማደንዘዣ ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ መስመር ነው። የትኛው ማደንዘዣ እንደሆነ ሳይጻፍበት አይፈርሙ።

ወደ መርፌው ስመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እርጉዝ መሆንዎ ይህን መብት አይነሳዎትም። ነገር ግን እምቢ የማለት መብት ሌላ፣ «ይህን ስጡኝ» ብሎ የማስገደድ መብት ሌላ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በዚህ ሙያ ደግሞ ለታቀደ ኦፕራሲዮን የጀርባው መርፌ ይመረጣል፤ በሙሉ ማደንዘዣ የእናትየዋን አተነፋፈስ መቆጣጠር ሊያስቸግር፣ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ መድኃኒቱም ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ለእርስዎ አደገኛ ነው ብሎ ያመነ ባለሙያ አልሰጥም ቢል አጠፋ አይባልም።

«እዚህ ሁሉም በጀርባ ነው» የሚለው ግን ማስረዳት አይደለም። ለእርስዎ ለምን እንደሚሻል፣ ራስ ምታቱ ቢመለስ በምን እንደሚታከም፣ መርፌው ባይሠራ ምን እንደሚደረግ ሊነግሩዎት ይገባል። ሳይረዱት የሰጡት ፈቃድ በእኔ እምነት ፈቃድ አይደለም። ዛሬ ነገ ሳይሉ፣ ሐኪምዎን ብቻ ሳይሆን ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ አግኝተው የደረሰብዎትን ይንገሩ፤ ምርጫዎንም ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። ከቀጠሮው ቀን በፊት ደም ቢፈስዎት ወይም የሕፃኑ ሁኔታ አሳሳቢ ቢሆን ለመምረጥ ጊዜ አይኖርም። አሁን ግን ጊዜው አለዎት። አሁንም ካልሰሙዎት ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ካልሆነም ሌላ ተቋም ይሞክሩ።

ስላለፈው ግን ተስፋ አልሰጥዎትም። እንዲህ ያለው ራስ ምታት በጥንቃቄ የተወጋችንም ሴት ሊይዛት ስለሚችል ብቻውን ጥፋትን አያስረዳም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ማለትም ክሱ በውል ላይ ካልተመሠረተ፣ አንቀጽ 2143 ያስቀመጠው የሁለት ዓመት የመክሰሻ ጊዜም አልፏል። ከፍለው የታከሙት በግል ሆስፒታል ስለሆነ በሕክምና ውል ላይ ተመሥርቶ፣ በአንቀጽ 1845 የአሥር ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም ግን የእርስዎ ነው። የዚያን ጊዜ የሕክምና መዝገብዎን ቅጂ ይጠይቁ። ለክስ ባይሆን እንኳ የአሁኑ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።