መኪናዋን እንጂ ስራውን እምቢ አላልኩም፦ ብልሽት ያለባትን መኪና አልነዳም ስለማለት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። አዳማ ነኝ፣ 19 አመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን በአዋሽ በሚሌ አድርጌ ጅቡቲ፣ የቀረውን ደግሞ የአርሲን ስንዴ ከአሰላና ከኢተያ እያወረድኩ፣ አሁን ስምሪት ላይ ነው ያለሁት። ሰሞኑን አንድ ልጅ መጥቶ "ፍሬኗ አይዝም ብላቸው ካልፈለግክ ሹፌር ሞልቷል አሉኝ፣ ምን ላድርግ" አለኝ። የሱ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው ያላችሁን ጠይቁኝ ያልኩት። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን በዚሁ ጉዳይ ተባርሬ ችሎት ድረስ ሄጄ ስለነበር የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ነው ያነበብኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቱ እያወቀ ንዳ ብሎኝ አደጋ ቢደርስ የሚጠየቀው እሱ አይደለም እንዴ?

ይሄን ነገር ብዙ ሹፌር ስለሚያምነው ረጋ ብለን እንየው። ሁለት ነገር አለ፣ ካሳና ወንጀል፣ አታደባልቃቸው። ካሳውን በተመለከተ ልክ ነህ፣ የፍትሐ ብሔር ህጉ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ። ወንጀሉ ግን ሌላ ነው። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲያወራ የሰው ህይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለብቻው ያወጣዋል፣ እና በምሳሌነት የሚጠራው ሐኪምና አሽከርካሪ ነው። ስማችን ተጽፎ አለ ማለት ነው። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 አመት ቀላል እስራትና መቀጮ፣ የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወይም ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ደግሞ ከ5 እስከ 15 አመት ጽኑ እስራት ነው። አሁን አስበው፣ ፍሬኗ እንደማይዝ እያወቅክ ከግቢ ካወጣሃት ትራፊኩ መጀመሪያ የሚይዘው ማንን ነው? ባለቤቱ እያወቀ አስገድዶህ ከሆነ እሱም ሊጠየቅ ይችላል፣ ግን የሱ መጠየቅ ያንተን አያነሳልህም፣ ማወቁንም የምታሳየው በወረቀት ነው፣ "ስልክ ደውዬ ነግሬው ነበር" ብትል እሱ አልሰማሁም ካለ በቃ።

ጥያቄ፦ እምቢ ካልኩ ትእዛዝ አላከበረም ብለው ቢያባርሩኝስ? ልጆች አሉኝ

ወንድሜ ይገባኛል፣ ዋናው ጥያቄም ይሄ ነው። ሰራተኛ የአሰሪውን ትእዛዝ የመፈጸም ግዴታ አለበት፣ እውነት ነው። ግን ያው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሰሪው የሰራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፣ በአንቀጽ 93 ደግሞ አንተ የመሳሪያ ጉድለትና አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ስታይ ወዲያው እንድታሳውቅ ግዴታ ይጥልብሃል። ልብ በል፣ ማሳወቅህ ግዴታህ ነው። አንቀጽ 26 ላይ ደግሞ ሰራተኛው በአሰሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለማባረር ህጋዊ ምክንያት አይሆንም ይላል። ከዚያ በላይ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 42 አለ፣ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የስራ አካባቢ መብት ነው። አገራችን በ1983 ያጸደቀችው የአለም ስራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ ለህይወቱ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከስራ የራቀ ሰው በመራቁ ምክንያት እንዳይጎዳ ይላል።

ግን ህግ ስላለ ብቻ ዝም ብለህ ቁልፍ ወርውረህ ወደ ቤትህ ከሄድክ ትሸነፋለህ። ቀረ ነው የሚሉህ፣ መቅረት ደግሞ ራሱን የቻለ ማሰናበቻ ነው። አባባልህ "መኪናዋን አልነዳም፣ ስራ ግን አለሁ" መሆን አለበት። እኔ በ2012 የጻፍኳት እንዲህ ትላለች፣ ቃል በቃል ተጠቀሙባት፦ "ቀን፣ ሰዓት፣ የሰሌዳ ቁጥር። የኋላ ቀኝ ጎማ ፍሬን ሲረገጥ አየር ያፈሳል፣ የፊት ግራ ጎማ ጥርሱ አልቋል። እስኪጠገን ድረስ ማሽከርከር ለሰው ህይወት አደጋ ስለሆነ አልችልም። ሌላ መኪና ወይም ሌላ ስራ ከተሰጠኝ ለመስራት ዝግጁ ሆኜ ግቢ ውስጥ እገኛለሁ።" ከደብተር በተቀደደ ወረቀት በካርቦን ሁለት ኮፒ ጻፍኳት፣ ጸሐፊዋ አልቀበልም ስትለኝ የበሩ ጥበቃ "ሲሰጥ አይቻለሁ" ብሎ ፈረመልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ሶስት ቀን ሙሉ ጠዋት እየገባሁ ማታ ስወጣ መዝገብ ላይ ፈረምኩ። በአራተኛው ቀን አባረሩኝ። ችሎት ላይ ጠበቃቸው "ስራ ጥሎ ጠፋ" ሲል ዳኛው ያችን ወረቀትና የመግቢያ መዝገቡን አየ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም።

ወደ ስራህ መመለስ የምትፈልግ ከሆነ ክሱን ከተባረርክ በ3 ወር ውስጥ ነው የምታቀርበው፣ ሽማግሌ እየላክህ እንዳያልፍብህ።

ጥያቄ፦ ከነሱ ጋር መስራቱን ራሱ ብተወውስ?

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን አንቀጽ 32 አንብበው። አደጋው መኖሩን ነግረሃቸው ካላስተካከሉ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ፣ የስራ ስንብት ክፍያና በላዩ ላይ የ30 ቀን ደሞዝ ካሳ አለው። ግን በ15 የስራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምክበት መብቱ ይቀራል። እዚህም መንገርህን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለህ ዝም ብሎ ለቀቀ ነው የምትባለው።

ጥያቄ፦ እኔ በምልልስ ነው የሚከፈለኝ፣ የተጻፈ ውልም የለኝም

ውል በቃልም ውል ነው። ያልተጻፈ ከሆነ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባ ነበር፣ አለመስጠቱ ደግሞ መብትህን አያሳጣህም። የተከፈለህን የባንክ መልእክትና የጭነት ሰነድ ኮፒ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ቦሎ እኮ አላት፣ ቦሎ ያላትን መኪና ምን ብዬ ነው እምቢ የምለው?

ቦሎ በአመት አንዴ ነው፣ የሚናገረውም ስለዚያች ቀን ነው። መስከረም ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግንቦት ላይ ስላለው የፍሬን ሸራ ምን ያውቃል? አንዳንዱማ ለምርመራ ሲሄድ ጎማ ተውሶ ገጥሞ ተመልሶ ሲመጣ ይፈታል፣ ሁላችንም አይተናል።

በየቀኑ ጠዋት 10 ደቂቃ ስጣት። የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ጠብቅ፣ ጎማ ስር ታኮ አድርግ፣ ሞተር አጥፋ፣ ፍሬን ረግጠህ ያዝና የአየሩን ጌጅ እይ። ለትንሽ ዝቅ ብሎ ከቆመ ጥሩ፣ እየወረደ ከሄደ አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ረዳትህ በየጎማው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይስጥ፣ የሳሙና አረፋ ቢቀባበት ቦታውን ራሱ ያሳየዋል። መሪውን ግራ ቀኝ ስታወዛውዘው ጎማው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ባዶ የሚሄድ ከሆነ መገጣጠሚያው ላልቷል። የፊት ጎማ እንደ ኋላው አይደለም፣ ከኋላ አንዱ ቢፈነዳ ጓደኛው ይሸከማል፣ የፊቱ ከፈነዳ መሪው ከእጅህ ይወጣል።

እና አንድ ነገር አደራ፣ የአየር ቱቦዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ። ያቺን የታጠፈች ቱቦ ፈልጉ። የምታፈሰዋን ቱቦ አጥፈው በሽቦ ጠምዝዘው ያስሯታል፣ ድምጿ ይጠፋል፣ ጌጁ ይሞላል፣ ጩኸቱም ያቆማል፣ ደህና ትመስላለች፣ ያ ጎማ ግን ፍሬን የለውም፣ የሱን ስራ ሌሎቹ ተካፍለው ይሰራሉ፣ ቁልቁለት ላይ ይግላሉ።

ፍሬን፣ መሪ፣ የፊት ጎማ፣ ማታ ደግሞ መብራት፣ በነዚህ አልደራደርም። በር የማይዘጋ፣ ራዲዮ የማይሰራ፣ ወንበር የተቀደደ ከሆነ ተናገር እንጂ አትቁም፣ በሱ እምቢ ካልክ ነገ በፍሬን እምቢ ስትል የሚሰማህ የለም።

ጥያቄ፦ መካኒኩ አይቷት ምንም አይደል ንዳት ቢለኝ?

"ምን እንደሰራህ ጽፈህ ፈርምልኝ" በለው። ከፈረመ ደግመህ ሞክራት። ካልፈረመ መልሱን ነግሮሃል።

ጥያቄ፦ ብልሽቱ የታወቀኝ መንገድ ላይ ከሆነስ? መተሃራን አልፌ ነበር

እዚያው ዳር ያዝና ቁም። ኬላ ድረስ፣ ከተማ ድረስ ቀስ ብዬ ልድረስ የሚባል ነገር ነው ብዙ ሰው የበላው። ፎቶ አንሳ፣ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ቦታውንና ሰዓቱን በቴሌግራም ለስምሪትም ለባለቤቱም ላክ፣ በድምጽ ብቻ አታውራ። ሶስት ማእዘኑን ራቅ አድርገህ ትከል። ድንጋይ የደረደራችሁ ደግሞ ስትነሱ እባካችሁ ድንጋዩን አንሱ፣ ለማታ ሞተረኛና ለባጃጅ ጥላችሁለት አትሂዱ፣ ይሄ ነገር በጣም ያመኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ባለመኪና ነኝ። ጭነቱ ካልጣመው ብልሽት እየፈጠረ የሚያስቆመኝ ሹፌር አለ፣ ለኛስ ማን ይቁም?

አባቴ፣ አለ፣ አልክድዎትም፣ ስምሪት ላይ ስለሆንኩ አየዋለሁ። መፍትሄው ግን ሹፌሩን ማስፈራራት አይደለም። የጠዋት መፈተሻ ወረቀት ያሰሩ፣ ሹፌሩ ይሙላ፣ ብልሽት ካለ ሌላ መካኒክ ይየውና ሁለቱም ይፈርሙ። ውሸታም በሁለት ሳምንት ይለያል። እውነተኛውን ካስፈራሩት ግን ሁለተኛ አይነግርዎትም፣ ዝም ብሎ ይነዳል፣ እና ቁጥር 2081 የሚመጣው እርስዎ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ትራክ ይነዳል፣ እዚያ እንዴት ነው?

እዚያ ደንቡ ሹፌሩ መኪናው ደህና መሆኑን ሳያምን እንዳይነዳ ይላል። እ.ኤ.አ. የ1982 ተብሎ የሚጠራ ህግ ደግሞ በደህንነት ምክንያት አልነዳም ያለን ሹፌር ማባረርም ሆነ ደሞዝ መቀነስ ይከለክላል። የተጎዳ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ኦሻ ለሚባለው የስራ ደህንነት መስሪያ ቤት ያመለክታል፣ ካሸነፈ ወደ ስራው ይመለሳል፣ የቀረበትም ደሞዝ ይከፈለዋል። ግን እዚያም ቢሆን መጀመሪያ ለአሰሪው አሳውቀህ አስተካክልልኝ ማለትህ ይታያል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሹፌር ነው፣ ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም፣ ምን ልበለው?

እናቴ፣ "ባዶ እጅህን ብትመጣም እንጀራ አለ" ይበሉት። ብዙዎቻችን አጉል ደፋር የምንሆነው ቤት የሚጠብቀን ፊት እያሰብን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ አንተ ራስህ እያወቅክ ነድተህ አታውቅም?

ነድቻለሁ። በ2004 ነው፣ ከኢተያ 200 ኩንታል ስንዴ ጭኜ፣ ያች የታጠፈች ቱቦ ያልኳችሁ የዚያች መኪና ናት። ጠዋት አይቻታለሁ፣ ሽቦውን በእጄ ነክቼዋለሁ። ባለቤቱ "ዛሬ ብቻ፣ ነገ ጋራዥ ትገባለች" አለኝ፣ እሺ አልኩ። ወደ ዴራ ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የተቃጠለ ሸራ፣ ከዚያ ጭስ በመስታወት አየሁ። ጌጁ ሙሉ አየር ያሳያል፣ እረግጣለሁ፣ አትቆምም። ማርሽ ልቀንስ ስል አልገባ አለኝ፣ ፎሌ ላይ፣ ያለ ማርሽ ቀረች። ረዳቴ ገና 19 አመቱ ነው፣ ምንም ሳልለው ታኮውን ይዞ በሩን ከፍቶ ዘለለ፣ ከጎማው ስር ሊያስገባ። እኔ በቀኝ በኩል የታረሰ ማሳ አይቼ ውስጡ አስገባኋት፣ አፈሩ ያዛትና ቆመች።

ወደ ኋላ ሮጬ ስመለስ መንገዱ ዳር ተቀምጧል፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፣ ታኮውን አለቀቀም። "ቆመች?" ነው ያለኝ። አሁን አዳማ ውስጥ ጎሚስታ ነው፣ ሲሄድ ያነክሳል፣ ጠዋት ጠዋት መኪኖቻችን ከመውጣታቸው በፊት ጎማቸውን የሚያየው እሱ ነው።