ያስተማሩኝን ሰው እንዴት ልምራ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ዋናው ጋጋሪ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አሁን ሳዛቸው ዝም ብለውኝ ያልፋሉ። ወጣቶቹም እሳቸውን አይተው ችላ ይሉኛል። ልቆጣ?

መልስ፦ ቁጣውን ተወው። ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ብዙ ሠራተኛ መርቻለሁ፤ ትልቅ ሰው በልጆች ፊት ሲታዘዝ ይከፋዋል። ፈረቃው ሳይጀመር ለብቻቸው ቡና ጋብዛቸው። «ጋሼ፣ ሊጡና ምድጃው የእርስዎ ነው፤ እኔ የምጠይቅዎ ሰዓቱን ብቻ ነው» በላቸው። ከዚያ የምርህን ተውላቸው። ቦካ አልቦካ እያልክ ከኋላቸው አትቁም።

ወጣቶቹን የሚይዝልህ ግን ገንዘባቸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የገና ሒሳባቸው ጎድሎ ከመጣ ቢሮ ገብተህ የምትከራከረው አንተ ነህ። ባለቤቱ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። ያጥቁር! ባዶ እጅህን እንዳትገባ ግን ማን ስንት ትርፍ ሰዓት እንደሠራ በየሌሊቱ ደብተር ላይ ጻፍ፤ አስፈርማቸውም።