ቡና መቁያ ማሽን ሠርተህ «ፓተንት ላውጣ ወይስ ልሽጥ?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት። ጅማ ነህ፣ የኤሌክትሪክ ቡና መቁያ ሠርተሃል፣ ባዛር ላይ እንድታቀርበው ተጠርተሃል፣ ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) እስኪወጣ ልጠብቅ ወይስ ልሽጥ ነው ያልከው። እስካሁን «በርታ» ከሚል በቀር የረባ ነገር የመለሰልህ የለም። እኔ በእግር የሚሽከረከር የእሸት ቡና መፈልፈያ ሠርቼ ከማና እስከ ሊሙ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ቢረዝምም ታገሰኝ።

1ኛ፦ ባዛሩ ላይ ከመውጣትህ በፊት ማመልከቻህን አስገባ። ግን ሰው ሁሉ ፓተንት ስላለ አንተም ፓተንት አትበል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል፤ ነገር ግን አዲስነቱ የሚለካው በዓለም ደረጃ ነው። ቡና መቁያ ማሽን ደግሞ ዓለም ላይ ሞልቷል። ላንተ የሚሻለው የግልጋሎት ሞዴል ነው፣ ማለትም ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው መብት፤ 5 ዓመት ያገለግላል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የእኔም እሱ ነው። ስትጽፍ ስለ መቁያው በጅምላ አታውራ፣ አንተ ያሻሻልካትን ክፍል ነጥለህ ጻፍ። ሥዕሉን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ለራስ መላክ የሚባለው ነገር ምንም መብት አይሰጥህም። ኢንተርኔት ላይ «የዓለም ፓተንት እናወጣልሃለን» የሚሉህንም እለፋቸው፣ የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ አገር ለየራሱ ነው የሚሰጠው። አሜሪካኖች ራሳቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ እንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ከደንበኞቻቸው ስንቱ ከከፈለው በላይ እንዳተረፈ እንዲናገሩ አስገድደዋል። ከመጡብህ እሱን ጠይቃቸው፣ ይጠፋሉ።

2ኛ፦ ብየዳ ቤት። እዚህ ላይ ነው ልብ በል የምልህ።

የመፈልፈያዬን ሲሊንደር የሚሠራልኝ አንድ ብየዳ ቤት ነበር። ቀብድ እሰጣለሁ፣ ላሜራውንም ኩሽኔታውንም እኔው እገዛለሁ፣ ሻጋታው ግን እሱ ዘንድ ይቀመጣል። ወዳጅነታችንም ጥሩ ነበር፣ የልጁ ክርስትና ላይ ሁሉ ተጠርቻለሁ። በሚቀጥለው የቡና ወቅት ሂርማታ ገበያ ስወርድ የእኔ ማሽን ተደርድሮ ይሸጣል። ቀለሙ አንድ ነው፣ ጎኑ ላይ የጻፍኩት የልጄ ስም እንኳ ሳይቀር ተገልብጧል። ዋጋው ከእኔ ያነሰ።

ገልብጦ መሸጡ እንኳ ያን ያህል ባልከፋኝ። የእኔ ማሽን በሲሊንደሩና በመግፊያው ሳህን መካከል ያለውን ክፍተት የምታጠብና የምታሰፋ አንዲት ብሎን አለችው። ለምን መሰለህ? እንደ 74110 ያለው ከመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው የቡና ዝርያ ፍሬው ትንንሽ ነው፣ የጓሮው ነባር ቡና ደግሞ ተለቅ ይላል። ክፍተቱ ከሰፋ ትንሹ ሳይፈለፈል ያልፋል፤ ከጠበበ ትልቁን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ቡና ደግሞ ሲብላላ ይበላሻል፣ ጣዕሙም ዋጋውም ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ስንት ገበሬ ግቢ አድሬአለሁ። ሰውየው ብሎኗን ወጪ ብሎ አስቀራት፣ ሳህኑን በየደው!

ከዚያ ከጎማ ወረዳ የመጡ አባት በጆንያ የተቧጨረ ቡና ተሸክመው ቤቴ ድረስ መጡ። «እኔ የሸጥኩት አይደለም» ብላቸው «ስሙ የማን ነው ታዲያ፣ የልጅህ አይደለም?» አሉኝ። ምን እላለሁ?

ሰርተፊኬቴን ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ኮፒውን ተቀበለኝና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት። «ማሽን እኮ ነው፣ ማንም ብረት ያለው ይሠራዋል» አለኝ። የብርጭቆው ክብ ምልክት ዛሬም ወረቀቱ ላይ አለ፣ አልጣልኩትም። በኋላ መብቱ በፍርድ ቤት እንደሚጠየቅ የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። ክስ ደግሞ በቀጠሮ ይሄዳል፣ ቡና ቀጠሮ አይጠብቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ካልሸጥክ ዓመቱ አለፈህ።

ስለዚህ የሚሠራልህ ሰው ጋ ስትሄድ በጽሑፍ ውል፣ በምስክር፤ ሻጋታው የአንተ እንደሆነና ሥራው ሲያልቅ እንደምትረከበው ይጻፍ። ከተቻለ ዋናዋን ክፍል ለአንዱ፣ አካሉን ለሌላው ስጥ። እኔ ዛሬ ሲሊንደሩን ቤቴ ነው የምሠራው፣ ያገለገለ መሰርሰሪያ ገዝቼ። ጅማ ውስጥ እንደኔ የሚያስተካክለው ካለ ይምጣ።

3ኛ፦ ስሙ። «የንግድ ምልክት ትልቅ ፋብሪካ ሲኖርህ ነው» ያለኝ አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ነበር፣ ገንዘብም ተቀብሎኛል። ውሸቱን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ማንም ማስመዝገብ ይችላል፣ 7 ዓመት ነው፣ በየ7 ዓመቱ እያደስክ መቀጠል ትችላለህ። የግልጋሎት ሞዴሉ ቢበዛ በ10 ዓመት ያልቃል፣ ስሙ ግን እስካደስከው ድረስ ያንተ ነው። ገበሬውም ሆነ እናቶች የሚያውቁት ስሙን እንጂ የመዝገብ ቁጥርህን አይደለም። የሚገለብጥህ ሰው መጥፎ አድርጎ ሲሠራ የምትሰደበው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ከማመልከቻው ጋር አብረህ አስገባው።

ሌላው የዋጋ ነገር ነው፣ እሱን ራስህ ታውቀዋለህ፤ መለዋወጫውን ብቻ አትርሳ። አንዲት ቺንጋ ተበጥሳ አዲስ አበባ ድረስ የምታስልክ ከሆነ ሁለተኛ አይገዙህም።

ስለ መቁያህ ግን አንድ ነገር ጠይቄህ ልሂድ። ፎቶው ላይ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ነው። ቡና ሲቆላ እኮ እንግዳው ጭሱን ማሽተት ይፈልጋል፣ የመቁያው ምጣድ እየዞረ አፍንጫው ድረስ ይመጣል። እናትህን አስቆልተሃታል? ጎረቤቶቿ ፊት፣ ጀበናው ተጥዶ? ክዳኑ እየተቆላ የሚከፈት ከሆነ ጻፍልኝ፤ ካልሆነ ግን ማመልከቻውን ከማስገባትህ በፊት እሱን ቀይር፣ ምናልባት ነጥለህ የምትጽፋት ክፍል እሷው ትሆናለች።