ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ታብሌቱና ላፕቶፑ ግን አይተያዩም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የአንድሮይድ ታብሌትሽና የዊንዶውስ ላፕቶፕሽ አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ ኢንተርኔት በሁለቱም ይሠራል፤ ፋይል ልላክ ስትዪ ግን አንዱ ሌላውን አያገኘውም። ብሉቱዙ ደግሞ ፔር ያደርግና (ሁለቱን ያጣምርና) ወዲያው ይቋረጣል። «ታብሌቱን ሪሴት ላድርገው ወይ?» ብለሻል።

ኧረ ተይው! ችግሩ ታብሌቱ ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ዳታሽን በከንቱ ታጪያለሽ።

ኢንተርኔት መሥራቱ የሚነግርሽ ሁለቱም ከራውተሩ (ዋይፋዩን ከሚያሠራጨው መሣሪያ) ጋር መግባባታቸውን ብቻ ነው። እርስ በርስ መገናኘት ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ሴቲንግ መነካካቱን አቁሚና መንገዱ የት ላይ እንደተቆረጠ እንፈልግ።

በሁለቱም ላይ የዋይፋዩን ስም ነክተሽ ዝርዝሩን ክፈቺ። አይፒ አድራሻ የሚል ታገኛለሽ፤ መሣሪያው ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። የአንዱ 192.168.1.14፣ የሌላው 192.168.1.22 ዓይነት ከሆነ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። የቤት ራውተር ላይ የፊቶቹ ሦስት ቁጥሮች ከተለያዩ ግን የዋይፋዩ ስም አንድ ቢሆንም ኔትወርኩ ሁለት ነው። ሁለተኛ ራውተር ተጨምሮ ያው ስም ሲሰጠው ይሄ ያጋጥማል።

ቀጥሎ ከላፕቶፑ ወደ ታብሌቱ ፒንግ አድርጊ፤ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ልከሽ መልስ ይመጣ እንደሆነ እዪ። ላፕቶፑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍተሽ ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፊና የታብሌቱን አድራሻ ታስከትያለሽ። የታብሌቱ ስክሪን በርቶ ይቆይ፤ ከተኛ መልስ ሊያዘገይ ይችላል። ከታብሌቱ ወደ ላፕቶፑ አትሞክሪው። የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደው መከላከያ) ፒንግን ዝም ሊለው ስለሚችል፣ ያ ዝምታ ምንም አይነግርሽም።

መልስ ካልመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራውተሩን ነው። ብዙ ራውተር ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ዋይፋይ አለው። እሱ ላይ የገባ ሁሉ ኢንተርኔት ያገኛል፤ ሌሎቹን መሣሪያዎች ግን እንዳያይ ይደረጋል። ለደህንነት ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት አዲስ ታብሌት ሊገዛ ምንም አልቀረውም ነበር። ዋናው ዋይፋይ ላይም ቢሆን «አይሶሌሽን» የሚል፣ መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚነጥል ምርጫ በርቶ ሊሆን ይችላል። የራውተሩን ሴቲንግ መክፈት ካልቻልሽ በዙሪያው እንሂድ፦ ላፕቶፑ ራሱ ዋይፋይ እንዲያሠራጭ «ሞባይል ሆትስፖት»ን አብሪና ታብሌቱን በእሱ አገናኚው። አሁን ፋይሉ ከሄደ ጥፋቱ የራውተሩ ነው፣ አለቀ። እንዲያውም ለአንድ ቀን ሥራ ከሆነ በዚሁ ብትገላገዪ ይሻላል።

ፒንጉ መልስ ከሰጠ ግን ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ «ፐብሊክ» ብሎ ይመዘግበውና ራሱን ይደብቃል። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ከዚያ የተገናኘሽበትን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ክፈቺና «ፕራይቬት» አድርጊው። ይሄ ለቤት ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ዋይፋይ ላይ እንዳታደርጊው። አንዳንዱ «ፋየርዎሉን አጥፊው» ይልሻል፤ እኔ አልስማማም። ፋይል ለምትልኪበት አፕ ብቻ ፍቀጂለት። ቪፒኤን (ኢንተርኔትሽን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ካለ በሁለቱም ላይ አጥፊው፤ አንዳንዱ ቪፒኤን የቤቱን ኔትወርክ ጭምር ይዘጋል። ታብሌቱ ላይ ደግሞ አፑ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን እንዲፈልግ ፈቃድ ማግኘቱን እዪ። አንዴ «አይ» ካልሽው በኋላ አፑ የሚያሳይሽ ባዶ ስክሪን ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱንም አይነግርሽም።

ብሉቱዙን በተመለከተ፣ ፔር ካደረገ በኋላ መቋረጡ ብቻውን ብልሽት አይደለም። የሚላክ ነገር ከሌለ ግንኙነቱ ይዘጋል። ከታብሌቱ ስትልኪ ላፕቶፑ ላይ ቀድመሽ «ሪሲቭ ፋይል» የሚለውን ከፍተሽ መጠበቅ አለብሽ፤ አለዚያ ታብሌቱ «አልተላከም» ይልሻል። እንዲህም አድርገሽ መሃል ላይ ከተቆረጠ፣ ከሁለቱም ላይ ሰርዘሽ እንደ አዲስ ፔር አድርጊ። ከአንዱ ብቻ መሰረዝ አይበቃም። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ከሆነም ንቀዪው። ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ይረብሻል። ዋይፋዩም እዚያው 2.4 ላይ ከሆነ ይጋፋሉ፤ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ አዛውሪው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለትልቅ ፋይል ብሉቱዝን ባትደክሚበት ይሻላል። ፋይል የሚላክበት የተለመደው (ክላሲክ) ብሉቱዝ በወረቀት ላይ እንኳ ከ3 ሜጋቢት በሰከንድ አያልፍም። 1 ጊጋባይት ቪዲዮ በዚያ ፍጥነት 44 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በተግባር ከዚያም ይብሳል። ኩዊክ ሼር ወይም ሎካልሴንድ የሚባለውን የፋይል መላኪያ አፕ ሁለቱም ላይ ጫኚና በዋይፋይ ላኪ። እኔ ሎካልሴንድን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ሌላውን መሣሪያ ራሱ ካላገኘው ደግሞ አይፒ አድራሻውን በእጅሽ ታስገቢለታለሽ።

ይሄን ሁሉ ሞክረሽ እምቢ ካለ፣ የሁለቱን አይፒ አድራሻና ፒንጉ የመለሰልሽን እዚሁ ጻፊልን። በሆትስፖት ሠርቶ እንደሆነም ንገሪን፤ ከዚያ እንቀጥላለን።