«ማርያምን፣ እኔ አይደለሁም!» ብዬ በጨዋታ ብምልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ማታ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እኔ ቤት ተሰብስበን «የዱስተርቫልድ ተኩላ ሰዎች» የሚባል የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። ለእያንዳንዳችን በድብቅ ካርታ ይታደለናል፤ ጥቂቱ ተኩላ፣ ብዙው የመንደር ሰው ነው። አጫዋቹ «መሸ» ሲል ሁላችንም እንጨፍናለን፤ ተኩላዎቹ ብቻ ዓይናቸውን ገልጠው የሚበሉትን ይመርጣሉ። «ነጋ» ሲል ተከራክረን፣ በድምፅ ብልጫ ተኩላ ነው ያልነውን «እንሰቅላለን»። «ተኩላ» የሚለው ስላልጣመን እኛ ካርታው ላይ «ቡዳ» ብለን ጽፈንበታል። በቀደም ቡዳው ደረሰኝና ሲጠረጥሩኝ «አይደለሁም» ብል አላመኑኝም፤ ከዚያ «ማርያምን፣ እኔ አይደለሁም!» አልኩ። አመኑኝና አንዱን ወንድማችንን ሰቀሉት። እሱ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀርቷል። እናቴ ደግሞ ሥዕሎቹን አይታ «የሰይጣን ነው፣ አቃጥዪው» አለችኝ። መጫወታችን ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን አትቀየሚያት። ካርታ ሲባል እሷ የምታውቀው ቤት ያፈረሰውን ቁማር ነው፤ እዚህ ደግሞ የጨለመ መንደርና ተኩላ አየችበት። ነገር ግን ገንዘብ አላስያዛችሁም፣ ጨዋታውም ከጥንቆላ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1986 ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪ «ማፊያ» ብሎ የጀመረው ነው፤ ተኩላው የገባበት በኋላ ነው። የሚያውቁ ጥቂቶች የማያውቁትን ብዙዎች እንዴት አድርገው እንደሚያሳስቱ ያሳያል። ከካርታዎቹ መካከል ጠንቋይዋን ግን ብታወጧት እመርጣለሁ። ከወገኖቻችን ዛሬም ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ስላለ፣ ለልጆች የምታድን ጠንቋይ ማሳየት አይጠቅምም።

መደበቁስ ውሸት አይደለም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» እንባል ነበር። ጎንደርን የሚያህል አገር እንሰጣለን። ጎንደርን የሰጠ ልጅ ዋሸ ብሎ የገሠጸ አባት አላየሁም፤ ሰጪም ተቀባይም ነገሩን ያውቁታል። ሐሰት ኃጢአት የሚሆነው ያመነሽን ሰው ስታታልዪበት ነው። «እኔ የመንደር ሰው ነኝ» ስትዪ ግን የሰማሽ ሁሉ ልትደብቂው እንደምትችዪ አውቆ የተቀመጠ ነው።

«ማርያምን» ያልሽ ጊዜ ግን ከጨዋታው ወጣሽ። እስቲ አስቢው፣ ለምን አመኑሽ? ከዚያ በፊት «አይደለሁም» ስትዪ አላመኑሽም። ኋላ ያመኑት የእመቤታችንን ስም አክብረው ነው። የካርታ ውሸትን ተስማምተውበት ነበር፣ በእሷ ስም መታለልን ግን ማንም አልተስማማም። «የአምላክህን የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው ትእዛዝ «ከጨዋታ በቀር» አይልም። ጌታም ከቶ አትማሉ፣ ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ብሎናል። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 ላይ ደግሞ ባልንጀራውን አታልሎ «በጨዋታ አደረግሁት» የሚል ሰው ትንታግና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ተመሳስሏል። በአፋችን ስለለመድነው መሐላ መሆኑን ረስተነዋል፤ «ሚካኤልን»፣ «ጊዮርጊስን» እያልን ለሻይ እንኳ እንምላለን። አንቺ በዚያ ማታ የማልሽው ሐሰት መሆኑን እያወቅሽ ነው። ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ «ቡዳ»። አንቺ በጥያቄሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፣ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ካለሽበት ከኮሎኝ ሳይርቅ ቤድቡርግ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1589 ፔተር ሽቱምፕ የሚባል ሰው ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ፣ የማሠቃያውን መሣሪያ ፈርቶ «አዎ» ብሎ፣ በጭካኔ ተገደለ። ሴት ልጁም አብራ ተገደለች። ዛሬ ለጀርመኖቹ ተኩላ ሰው ተረት ሆኗል፤ በዚህ ስም የሚሸሽ ጎረቤት የላቸውም። እኛ ግን አለን። ሌሊት ጅብ ይሆናል እያልን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን ስንሸሽ ኖረናል። ጎጃም ባደግሁበት መንደር ሸክላ ይዛ ገበያ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ስታልፍ እናቶቻችን ነጠላቸውን ፊታችን ላይ ጣል ያደርጉብን ነበር። ማታ እንጀራችን የሚጋገረው ግን እሷ ባበጀችው ምጣድ ነው። አንድ ቀን ሳንቲም ስትመልስልኝ እጄን እንዳትነካ ተጠንቅቃ መሬት ላይ አኖረችልኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፣ አፋችን ግን እስከ ዛሬ አልታረመም።

የክፉ መንፈስ ፈተና የለም አላልኩም፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመው ጸሎትና ጠበል አላት። ያንን በሙያና በዘር ለይቶ በሰው ላይ መለጠፍ ግን ከወንጌል አልተገኘም።

ያ ወንድማችሁ ለምን እንደቀረ አላውቅም። ምናልባት የትምህርት ፈተና ደርሶበት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አያቱ ሲባሉ የኖሩትን ቃል ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹ አፍ ሰምቶ፣ ጣት ሲቀሰርበትና ሁሉም ሲስቅ ቀልዱ አልሆንለት ብሎ ይሆናል።

ብትጫወቱ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የተሰቀለው ሰው ካርታው ሲገለበጥ ስንት ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል? «ዛሬ ዝም ብሏል»፣ «ዓይኑ ይሸሻል» ብላችሁ ነው የሰቀላችሁት። በመጽሐፍ ቅዱስ በሐሰት በዝሙት በተከሰሰችው በሶስና ላይም ሕዝቡ የፈረደው እንዲሁ ነበር፤ የከሰሷት የተከበሩ ሽማግሌዎች ስለሆኑ ብቻ አመናቸው። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ በታች አየሃት?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ፤ እሷም ከሞት ተረፈች። ከጨዋታው በኋላ ይህን ታሪክ አብራችሁ አንብቡት፤ ካርታው ገና እጃችሁ ላይ ሳለ ቢነበብ ከእኔ ስብከት ይልቅ ይገባችኋል።

ካርታዎቹን ማቃጠል አያስፈልግም። «ቡዳ» ብላችሁ የጻፋችሁባቸውን ግን ቅደዱ። ለወንድማችሁም በስልክ መልእክት አትላኪ፤ ቤቱ ድረስ ሂጂ። ለምን ቀረህ ብለሽ አታስጨንቂው፤ በሐሰት ምዬ አሰቀልኩህ፣ ይቅር በለኝ በዪው። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ካለ ዝም ብለሽ አድምጪው። ለመቁረብ እያሰብሽ ከሆነ ከዚያ በፊት ይሁን።